ሐምራዊ ማኅተም

የሹመት ደብዳቤ በደረት ኪሴ ይዤ፣
ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ተጉዤ፣
ዘጌ ሳንደርስ ገና ነፋሱ ተነሳ፤
ጣና ሹም አያውቅም፤ አጠበኝ ያለ አበሳ።
የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም፣ ክቡ፣ ሐምራዊው፣
ከወረቀቱ ወርዶ ደረቴን ነከሰው።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬ፣
ሁለት ክረምት ደግሞ አመራር ተምሬ፣
ነጥቤ ተደምሮ፣ ፋይሌ ተገልጦ፣
ከሦስት ተወዳዳሪ ስሜ ተመርጦ፣
«ርዕሰ መምህር» የሚል ከላይ ተጽፎበት፣
እንዲህ ነበር የመጣው፣ ውኃ እስኪገባበት።

ዘበኛው ጋሽ ሁነኛው በሩ ላይ ቆሞ፣
እርጥቡን ወረቀት አዞረው ደጋግሞ፤
«ይሄስ አይነበብም። ደወል መስቀል ትችላለህ?»
ቸርኬው ከዋርካው ወድቆ ሳር ውስጥ ተኝቷል።
ሽቦ አቀበለኝ፤ ወጣሁ ከነጫማዬ።
የመጀመሪያው ሥራዬ
ብረት ማንጠልጠል ነበር።

ያስረከበኝ መምህር ስንሻው
ቁልፎቹን ሰጠኝ በሲባጎ አስሮ፣
አሥራ ሰባት ናቸው፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ።
«ይሄ የመጻሕፍቱ፣ ይሄ የጠመኔ፣
ይሄኛው ምን እንደሚከፍት አላውቀውም እኔ፤
የተረከብኩት ነው፤ አንተም አትጣለው።»
ከዚያ ዝም አለና ጣናን አየው፣ አየው።

ሌላ ምክር የለም?
«አለ። ከኮርኒሱ የሌሊት ወፍ ይወርዳል፤
የሴቶቹ ሽንት ቤት በር ያስፈልገዋል፤
ወላጅ ተቆጥቶ ሲመጣ አትቁም፣ ተቀመጥ፤ ይበርዳል።»

ኅዳር ላይ አትንኩት ከክፍል ጠፋብኝ፤
ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ሒሳብ የሚቀናው።
ታንኳ ተውሼ ሄድኩ ሱሪዬን አጥፌ፣
እምቦጩን በመቅዘፊያ እየገፋሁ፣ ቀዝፌ።
አባቱ ቢረሳው መረብ ይስብ ነበር፤
ቀና አላለም እንኳን፦
«ዓሣ ፊደል እስኪቆጠር አይጠብቅም፣ ጌታው፤
አንተ መረቡን ያዝ፣ ልጁ ትምህርት ይግባ፤ ይኸው ነው መላው።»
ያዝኩለት።
እስከ ረፋድ፦ ሰባት ቆሮሶ፣ አንድ አምባዛ።
መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ግን
«የወላጅ ውይይት፣ ግማሽ ቀን» ነው።

ማንም ያልነገረኝ ይሄ ነው፦
ሽምብጥ ሳስተምር ደብተር ይዘው ይሮጡብኝ ነበር፤
እዚህ በረንዳው ላይ እግሬ ገና ሲሰማ
«ዳይሬክተሩ መጣ!» ይላል አንዱ በሹክሹክታ፤
ሳቁ እንደ ሻማ እፍ ይባላል፤
ግድግዳ ታክከው ያሳልፉኛል።

ትላንት መምህርት ጥሩዓለም በወባ ታማ ቀረች፤
ሰባተኛ ለ፣ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ።
ጠመኔ አንስቼ ገባሁ በትካዜ።
የደንገል ታንኳ ለምን እንደማይሰምጥ ሰሌዳው ላይ ሣልኩ።
ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፣
«መምህር፣ ድንጋይ ብንጭንበትስ?» አለች።

መምህር አለችኝ።
ርዕሱ ወልቆ ወደቀ፣ እንደ ባርኔጣ።

«ስንት ድንጋይ?» አልኳት። ጫንን፤ ቆጠርን፤ አሰመጥን፤
እንደገና አንሳፈፍን፤ ተጯጯህን፤
እኔው የሰቀልኩት ቸርኬ እስኪደወል ድረስ።

ሸሚዙን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ በኦሞ አሸችው፤
ሐምራዊው ክብ አልለቀቀም።
ቁልፉም እስካሁን ምንም አልከፈተ።

ማታ ለጥሩዓለም ስልክ መታሁ፤
«እግዜር ይማርሽ» አልኳት፤ ከልቤ ነው።
«ነገ እመጣለሁ» አለች።
«አይ፣» አልኳት፣ «አትቸኩዪ፣
ወባ እኮ ያገረሻል፤
አንድ ቀን ጨምሪ።»