ፈረሱ ተሻግሯል

አሮጌው ሳጥናችን ምስል በነፈገን ማግስት፣
ሴቱባል፣ ወደቡ ዳር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ከሄርሚኒያ ጋራ ክንድ ለክንድ ገባን ከሱቁ፤
ሃያ ስክሪን በአንድ ባሕር ግድግዳው ላይ ሲያብረቀርቁ።

ሻጩ ቴልሞ «ይኼ ዱላ ይባላል» አለን፤ አውራ ጣት አያህል።
እንዲህ ያለ ዱላ ማንን ይመታል?
«ያኛው ሳጥን ነው፤ ፎር ኬ፤ ጥቁሩ ከሌሊት ይጠቁራል።»
እሷ ሳቀች፦ «የኔ ልጅ፣ ጥቁርማ እኔ ቤት ሞልቷል።»

እጇን ዘረጋች። «ምስሉን ተወው፤ ሪሞቶቹን አምጣቸው።»
አንዱን ዳሰሰችና «ሳሙና ነው» ብላ መለሰችው፤
ሁለተኛው አርባ ቁልፍ እንደ ሽፍታ የወጣበት፤
ሦስተኛው ላይ ቆየች፤ መሀሉ ላይ አንዲት ኪንታሮት።
«ይኼ» አለች። የዱላው ነው። ርካሹ፣ ቴልሞ ያፈረበት።

«አንድ ነገር አለው» አለኝ ልጁ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ፣
«የሚታየውን የሚተርክ ድምፅ፤ ለማያዩ ተብሎ።»
«እሰየው» አልኩ፤ ከፈልኩ፤ ጉሮሮዬ ግን ደረቀ፤
የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ በሃያ ዘጠኝ ዩሮ አለቀ።

ሶፋው ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ስተርክላት የኖርኩት እኔ ነኝ፦
«በሩን ከፈተ፤ ደብዳቤውን ቀደደ፤ ቆይ፣ ጠብቂኝ።»
እውነት ልናገር ካልኩ፣ አልፎ አልፎ አጭበረብር ነበር፤
መራር ፊልም ሲመጣብኝ ጣል አደርግበታለሁ ስኳር።
መርከብ ሲሰጥም ጀልባ ልኬ አውቃለሁ፤
እናትየዋን ለመጨረሻው ባቡር አድርሻለሁ፤
ያን ግራጫ ፈረስ ገደል ሲገባ እያየሁ
«ተሻገረ» ብያለሁ፤ ሣር ላይ አቁሜዋለሁ።

ማታ ሰካነው። የዋይፋዩን ቁልፍ ሦስቴ ተሳሳትኩ።
ፊልሙን እሷ መረጠች፤ እኔ ዝም አልኩ።
ያው ፊልም። ያው ፈረስ። ከግድግዳው የወጣች ሴት፣
ሳል የማያውቃት፣ ሻይ የማያምራት፣ ቃል የማይደናቀፍባት፣
«ፈረሱ ይወድቃል» አለች። «አይነሳም።» ከዚያ ጸጥታ፤
የስክሪኑ ብርሃን የሄርሚኒያን ጉንጭ ሲመታ።

ቁጣዋን ጠበቅሁ።
«ቫልዴማር» አለች፣
«ያኔም እኮ አውቄያለሁ፤ ሙዚቃው ነግሮኝ ነበር ቀድሞ።
ድምፅህ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»
«ሣሩ ደስ ይል ነበራ።
ለዚህች ሴትዮ ዜናውን ተውላት፤ እሱን ትሥራ።»

ከዚያ እጄን ስባ አውራ ጣቴን ኪንታሮቷ ላይ አኖረች፣
ፊልሙን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ መለሰች።
ገደሉ ገና ሩቅ ነው። ፈረሱ ውሃ ይጠጣል።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።