ሁለት ገጽ

እሑድ ከሰዓት ላይ፣ ጉም መሐል ሜዳን ሲያለብስ፣
ዘርጋው ሰው ላከብኝ፦ «ሳይመሽ እንድትደርስ።»
በግ የሚቆጥር ሰው፣ ባና የሚያጓጉዝ፣
ጡረታ ከወጣ የመጻሕፍት ጠባቂ ምን ሊያገኝ፣ ምን ሊይዝ?

የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከአንገቱ ፈቶ አወጣልኝ
አንዲት የመስተዋት ሣጥን፤ በሩቁ አሳየኝ።
ሰማያዊ ከፋይ፣ ከመሐሉ ደግሞ
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወርቅ፣ ብርሃን ለቅሞ።
«ከሦስት መቶ አንዷ ናት፤ ቁጥሯ ተጽፎባት።
አርባ ጠቦት ሸጫለሁ። አደራ፣ እንዳትተነፍስባት።»

ትንፋሼን ውጬ፣ መነጽሬን ወልውዬ ጎነበስኩ።
ኧረ ይቺን አውቃታለሁ! ዕድሜዬን አብሬያት ኖርኩ።
ጃርቲት ናት፣ ያቺ ለጋስ፣ የልጆቹ መጽሐፍ እመቤት፣
እሾኋን እየነቀለች የምታውሰው በየቤት፦
ለሰፌድ ሰፊዋ ወስፌ፣ ለሙሽሪት ፀጉር መክፈያ፣
ለቆሎ ተማሪው ብዕር፣ እሾህ ለወጋው እግር መንቀያ፣
ጎረቤት በመጣ ቁጥር «እንካ» እንጂ «የለም» ሳትል፣
አንዲት ብቻ ቀርታት፣ ራቁት ጀርባዋን ስትደባብስ፣
በውድቅት ሌሊት ጅብ መጥቶ ከደጃፏ ሲደርስ...

ወርቁ ላይ ግን እሾኋ ሙሉ ነው፤ የገብስ ማሳ መስሏል፤
ሠላሳ ሁለት ቆጠርኩ።
አንድ አልነፈጋትም አንጥረኛው፤ ታዲያ ታሪኩ የታል?
ወርቁስ ይኸው፤ ሰሙን ማን አቅልጦ ጥሎታል?

ስድሳ አራት ገጽ ነበራት የኛዋ፣ አንዲቱ መጽሐፍ፤
ሁለቴ ጠርዟን ሰፍቻለሁ፣ በባና ክር፣ በጆንያ መርፌ ጫፍ።
ገጽ ዘጠኝ ላይ የሽሮ ጠብታ፣
ገጽ ሠላሳ ላይ የኩራዝ ጥላሸት፤ ሌሊት የተነበበች ለታ።
አንድ ክረምት የመጨረሻዋ ቅጠል ተገንጥላ ጠፋች፤
ጠይቄ ልጅ አላስከፋሁም፤ ታሪኳን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣሁ፦ መጽሐፏን የመለሰ ሁሉ፣
ቅጣቱ መጨረሻውን መንገር ነው፣ በገዛ ቃሉ።
ሽዋፈራሁ፦ «የተዋሷት ሁሉ መጡ፣ እሾኋን ተሸክመው።»
እንግዳሸት፦ «ጅቡ አያትና ሳቀ፤ እሱ እንደሁ ልማዱ ነው።»
ልሳነወርቅ፣ ተብታባው፣ ካርዱን በጣቱ እያሸ፣ ጆሮው ቀልቶ፦
«ያ... ያችንም ለጅቡ አዋሰችው፤ ጥ... ጥርሱን እንዲጎረጉር፣ በልቶ።»
ያን ቀን ከሳቄ የተነሳ
ማህተሜን ራሴ እጄ ላይ መታሁት፤ ቀለሙ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም።

«ገልብጣት» አልኩት ዘርጋውን። በጨርቅ ይዞ ገለበጣት፤
ሚዛኗ፣ ንጥረቷ፣ ዓመቷ። ሌላ ምንም የላት።
ሁለት ገጽ ብቻ።

ዘርጋው ዝም ብሎ ቆየና፣
«ከጀርባዋ ያለ መስሎኝ ነበር» አለ፣ ድምፁ ቀነሰና፣
«መጨረሻው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ኀምሳኛው ገጽ ላይ ደርሼ፣
አባቴ ታመመ፤ ሱቁን ያዝኩ፣ መጽሐፉን በሰው እጅ መልሼ።»

አስታወስኩት። ካርዱ ላይ ስሙ አለ፣ በጠማማ ፊደል፤
የመለሰበት ቀን ብቻ ባዶ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይሞላ ይውላል ያድራል።
«ደንቡን ሰምተሃል» አልኩት፣ «መላሽ ይከፍላል ቅጣቱን።»
በግ የሚገምትበትን ዓይኑን አጠበበ፤ አየ መስኮቱን፤
ውጭ ጉም ነው፣ ከጓሳ የሚወርድ ውርጭ፣ አንድ ውሻ የሚጮኽበት።
ቆይቶ፣ እንደማፈር ብሎ፣
«ከፈተችለት» አለ።
«ብርድ ነበር። በሩን ከፈተችለት።»