አንዲት ፊደል

ስዋንሲ ውስጥ፣ ከጎማ መጠገኛው ጓሮ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቅ አድሮ፣
ተገናኘን፤ ከዘጠኝ ክረምት በኋላ፦
ኤምሊን ከነጊታሩ፣ ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣
ጌቲን ከድራሙ ጀርባ፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ጥላ፣
እኔ ከነቤዜ፣ የመስሚያ መሣሪያዬ ጆሮዬ ውስጥ እያፏጨ።

መሐል ላይ ያ ማይክ፤
ሮድሪ በጥርሱ እየነካ ቀለሙን የላጠው።
አዲሱ ልጅ መጣና ቁመቱን ዝቅ አደረገው።
(ልጅ እንላለን እንጂ ሃምሳ ሊሞላው ነው።)
ማክሰን ይባላል፤ አውቶቡስ ነጂ፤
የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀው።

ጀመርን። ድምፁን ማን ያማዋል? የተሳለ ነው።
ኤምሊን በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ «አገኘን» ማለቱ ነው።
ከዚያ ያቺ ዘፈን፣ ጌቲን ለወንድሙ የጻፋት፣
ጀልባዋ ባዶዋን በተመለሰችበት ሳምንት።
ወረቀቱ «ባሕር አይመልስም» ይላል።
ሮድሪ በመጀመሪያው ምሽት፣ ሰክሮ ይሁን ቸኩሎ፣
ዘፈናት «ባሕር አይመለስም» ብሎ፤
ሕዝቡም ተቀበለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ሞገድ በየቀኑ ከደጁ እየተመለሰ፣
ከተማው «አይመለስም» እያለ አለቀሰ።
ጌቲን አላረመም፤ በሮድሪ ቀብር ዕለት እንኳ።

ማክሰን ግን ከወረቀቱ፣ እንደተጻፈው።
አንዲት ፊደል።
የጌቲን በትር ከእጁ ወደቀ፣
ተንከባሎ ካሮጌ ጎማ ሥር ተደበቀ።
«ምን አጠፋሁ?» አለ ልጁ፤ ማንም አልመለሰ።
ጌቲን በርከክ ብሎ በትሩን ፈለገ፤ ቆየ፤ ከሚገባው በላይ ቆየ።
ቀና ሲል፣ «ድገመው» አለ።
የትኛውን እንደሆነ አልነገረውም።
እኛም አልጠየቅንም።