ዝም ያለው ቺንጋ

ከሪዮኒ ወንዝ ዳር፣ ጣሪያው በሚያፈስ ጋራዥ፣
ናዚብሮላ ኦፔሏን አቆመች።
«ውሃ ታንጠባጥባለች፤ ፓምፑን ብቻ ቀይርልኝ፣
ሌላውን አትንካ፣ ላሪም አልተረፈኝ።»

ቫዣ ሽፋኑን ፈታ፤ ቡሎኑን በቆርቆሮ ደረደረ፤
ቺንጋውን በጣቱ አጥፎ ወደ መብራቱ አዞረ፤
ከጥርሱ ሥር ተሰንጥቋል፣ ክሩ ተተርትሯል፤
«ይሄ እንደ ፓምፑ አያለቅስም፤ ዝም ብሎ ይበጠሳል።»

መነጽሯን አደረገች፤ ጎንበስ ብላ አየች፤
«ባሌም» አለች፣
«አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለም።»

ዝናቡ ባልዲው ውስጥ ጠብታ ቆጠረ።
«ሁለቱንም ቀይር።»

ነጩን ምልክት ከነጩ ገጠመ፤
ሞተሩን ሳያስነሳ፣ በቁልፍ፣ ሁለት ዙር አዞረው፣
ጆሮውን ቀስሮ፤ ምንም አልተጋጨ፣ ምንም አልያዘው።

ሲመሽ የሂሳቡን ግማሽ ከፈለች፤
አሮጌውን ፓምፕ በጋዜጣ ጠቅልላ፣
ያንን አልቃሻ፣
ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀምጣው ሄደች።