የማይጠጣ ድንጋይ

ባቱሚ ላይ እርጥበት እንግዳ አይደለም፤
አንኳኩቶ አይገባም፣ «ቤቶች!» እንኳ አይልም።
ከባሕሩ ተነሥቶ፣ በር ሳይከፈትለት፣
ጨው ዕቃ ውስጥ ያድራል ሌሊት በሌሊት፤
ክብሪቱን ያኮርፋል፣ ስኳር ያስተቃቅፋል፤
ግድግዳው ከባሌ ይበልጥ ያልበዋል።

ኑግዛር ጎልማሳ ሳለ፣ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ፣
የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ሠራልኝ ከጥድ ሳንቃ።
ዓይኔ እያየ ሳንቃው አበጠ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤
ከማጠቢያው ገንዳ ሥር ጥቁር ሻጋታ አበቀለ።
«ይበቃል» አልኩ አንድ ማለዳ። «ድንጋይ እናስገባ አሁን።»
«ድንጋይ?» አለ። «እሱስ ለመቃብሬ ይሁን።»

ሱቅ ሄድን። ፊታቸውን ታጥበው ተደርድረው ቆመዋል፤
ሚዜ ይመስላሉ፤ ማን እንደሚመረጥ ይጠብቃሉ።
እብነ በረዱ ነጭ ነው፣ የደም ሥሩ ሁሉ የታየ፤
ሎሚ ጠብ ሲልበት ይቆስላል። ለቅምጥል ቤት ይቆየ።
ግራናይቱ ጎበዝ ነው፤ ግን በየዓመቱ ቅባት ይሻል፤
ካልቀቡት ውኃ ይጠጣል።
«ለቤቴ አንድ ጠጪ ይበቃል» ስል፣
ኑግዛር ጣራ ጣራ ያያል።

«ይሄስ?»
«ኳርትዝ ነው» አለች ሻጯ። «ድንጋይ ደቅቆ እንደ ዱቄት፣
በሙጫ ታሽቶ፣ ተጨምቆ የወጣ፤ ቀዳዳ የለበት።
አይጠጣም፣ አይተነፍስም። የጋለ ድስት ብቻ አታሳርፉበት፤
ፀሐይም ከበዛበት ቢጫ ይሆናል።»
«ፀሐይ?» ኑግዛር ወደ መስኮቱ ዞረ። ዝናቡ በጅራፍ ይመታል።
«በዚህስ አናጣላውም» አለ።

መዳፍ የምታህል ናሙና ይዤ ገባሁ፤ ሦስት ሌሊት መረመርኳት፤
በመጀመሪያው የሮማን ጭማቂ፣ በማግስቱ ቀይ ወይን፣
በሦስተኛው ቀይ ሥር ከነኮምጣጤው አሳደርኩባት።
ጠዋት በጨርቅ ስዳስሳት፣ እንደተገዛ ምስክር፣
ምንም አላየሁም አለችኝ።

ማልኻዝ ሊለካ መጣ። ዝናቡም በጫማው ገባ።
«ግድግዳሽ ቀጥ አላለም» አለ።
«ባለቤቱስ መቼ ቀጥ አለ?» ስለው ሳቀ፤
ሳቁ መንገድ ላይ ተቀማ። ሳል ወሰደው። ቆየ።
ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ወደ ቤቱ ተጠቀለለ።
ውኃ ሰጠሁት።
«ጉንፋን ነው?»
«ድንጋይ ነው» አለኝ። «ዛሬማ ውኃ እያፈሰስን ነው የምንቆርጠው።
ያኔ በደረቁ ነበር፤ ስምንት ዓመት፣ በር በተዘጋ ጋራዥ፣ ያለ ጭምብል።
ማታ ቤት ስገባ ልጄ ፀጉሬን እያራገፈች
‹አባዬ፣ በረዶ ጣለ እንዴ?› ትለኝ ነበር።»

ድንጋዩ ውኃ አይጠጣም።
ሰውየው ድንጋይ ጠጥቷል።

«ጠርዙን ምን ላድርግልሽ?» አለ፣ አፉን በክንዱ ጠርጎ።
«ክብ አለ፣ ስላች አለ፣ ድርብ ሞገድ አለ።»
ድርብ ሞገዱን ነበር እኔ፣ ከወር በፊት፣
ወረቀታቸው ላይ በእርሳስ ያከበብኩበት።
«ሞገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«መፍጫው ግማሽ ቀን ይይዛል።»
«ቀጥ ያለውስ?»
«እሱማ ምን አለው።»
«እንግዲያው ቀጥ ያለውን።»

ኑግዛር አየኝ። ዝም አለ።
ግማሽ ቀን ሳንባ አይመልስም፤ አውቃለሁ።
ማክሰኞ ሌላዋ ሴት ሞገዱን ታዛለች፤ ይሄንንም አውቃለሁ።

ተገጠመ። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ጠርዙ እንደ ማስመሪያ።
ከአሮጌው ሳንቃ ኑግዛር አንድ ክንድ ቆርጦ አስቀረ፤
የጋለ ድስት ያርፍበታል፣ ዛሬም ያብጣል፣
ዛሬም ጠጪ ነው፣ እንደ ባለቤቱ።
እርጥበቱም አልቀረም። ሌሊት ይመጣና፣
መግቢያ ሲያጣ፣ ድንጋዩ ላይ ችፍ ብሎ ይነጋበታል፤
ማለዳ በሥሡ ያብለጨልጫል።

ከመወልወሌ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጣት እሰድበታለሁ፤
ዱቄት ይሆን?
ውኃ ነው።