የዘጠኝ ሰዓቷ ጀልባ

ሞተሩ ሁለቴ ሳለ፣ በሦስተኛው ተነሣ፤
ጀልባዋ ከቦዬ ዳር ወጣች፣ እያዛጋች እንዳረጀ አንበሳ።
ሰባት ነን፤ ሁላችንም ብርቱካንማ ሰደርያ፣
የኔው ዘለበቱ ተሰብሮ፣ ታስሯል በጫማ ማሰሪያ።
ሁለት መምህራን ከአጋሮ፣ ጫት የያዘ አንድ ነጋዴ፣
አዲስ ሙሽሮች ከኋላ፣ ዝም አንዴ፣ ሳቅ አንዴ፤
የነጋዴው ልጅ፣ «ጉማሬው መቼ ነው የሚወጣው?» የሚል፣
እና እኔ ከጥጉ፣ ውኃውን በጣቴ የምፈትል።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለ ነዚፍ፣ አስጎብኚያችን፣
ጀርባውን ለጅሬን ኮረብታ ሰጥቶ፣ ቆሞ ከፊታችን።
ልጅ እግር ነው፤ ንግግሩን በቃሉ ይዞታል፣
የቱ ጋ እንደሚያስቅ፣ የቱ ጋ ዝም እንደሚያሰኝ ያውቃል።
«በግራ፣ ሽመላ። እዚያ ማዶ፣ ጋጋኖ። በቀኝ ደግሞ ያ አረፋ፣
ሮቢ ነው፣ ጉማሬ፤ ትንፋሹ ነው ከሥር የሚነፋ።»
ስልኩ ሁሉ ተነሣ።
አረፋው ጠፋ።
«ይመጣል» አለው ለልጁ፤
«ውኃ ቸኩሎ አያውቅም።»

ወደ ደቡብ ዞርን። ሞተሩን አጠፋው።
ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ይህ ጥግ ነው የሚፈራው።
የሰው እጅ ያልነካው፣ ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ፣
ወለል የለውም ይላሉ፤ ገመድ የጣለ ሁሉ አፈረ።»
መምህራኑ «አቤት!» አሉ፤ ሙሽሪት ባሏን ያዘች።
ጀልባዋ ያለ ድምፅ፣ በዚያ ጥቁር ላይ ተንሳፈፈች።

እኔ ወለሉን አውቀዋለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ፤
ከዳውሮ ጎጀብን ተሻግሮ የመጣው ዳርጫ፣ አባቴ፣
ለጡብ የሚሆን አፈር እዚህ ነበር የሚቆፍር።
በየሳምንቱ ያጥር ነበር፤
መጀመሪያ እግሩ ሄደ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣
በመጨረሻ ከዳር ሆነን የምናየው አካፋው፣
ላይ ሲል፣ ታች ሲል፤
እናቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ በሱ ነበር የምትለየው።
እኔ ፎርማው ላይ አሸዋ እነሰንሳለሁ፣
ጡብ እቆጥራለሁ፣
በየመቶው አንድ ጠጠር ኪሴ እከታለሁ።
ኪሴ ሲከብድ ይመሻል።

አንድ ክረምት ውኃው መጣ፤ በአንድ ሌሊት ጉድጓዱን ሞላው።
አባቴ ዳር ቆሞ አየው፣ አየው፣
አልተቆጣም።
«ተካፈልን» አለ፤ «ደረቁ ለከተማው፣ እርጥቡ ለውኃው።»
«ለኛስ?» አለች እናቴ።
አካፋውን አጠበ።

ቀና ስል ጅማ ታየችኝ፤
የመርካቶው ሱቅ፣ የፈረንጅ አራዳ አጥር፣ የተማርኩበት ግድግዳ፣
ከዚህ ከሥሬ ካለው ባዶ አንድ በአንድ ተነሥታ የሄደች ባለዕዳ።
ሐይቁ ፎርማው ነው፤ እሷ ጡቡ።
(ይህን ግን ለማን ይሉታል? መቶ ብር ተከፍሎ፣ ሰው ሊዝናና ወጥቶ።)

«ወለል አለው» አልኩ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።
ሁሉም ዞሮ አየኝ።
«ስንት ሜትር ይሆናል እናቴ?» አለ ነዚፍ፣ ሳይከፋው።
«አባቴና ከአናቱ በላይ አካፋው፣
ያን ያህል።»
ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ማን ይባሉ ነበር?»
ነገርኩት።
ይህ ሁሉ ሲሆን ከጀርባችን ጉማሬው ብቅ ብሎ ነበር፤
ጆሮውን አራግቦ፣ አይቶን፣ ተመልሶ ገባ።
ያየው ልጁ ብቻ ነው። «ወጣ! ወጣ!» ቢል፣
አባቱ «አትዋሽ» አለው።

ወረድን። የአሥር ሰዓት ተኩሎቹ ተሳፈሩ።
የሰደርያዬ ቋጠሮ እንቢ ብሎኝ ስታገል፣ የነዚፍ ድምፅ መጣ ባየሩ፦
«ይህን ጥግ ዳርጌ የሚሉት ግዙፍ ሰው፣ ቁመቱ እንደ ዝግባ፣
ብቻውን ቆፈረው በአንድ በጋ...»

ዳርጫ ነው።
አጭር ነበር። በጋውም ዘጠኝ ነበር።
ልጣራ አልኩና ተውኩት።
ጎንበስ ብዬ ከዳሩ አንድ ጠጠር አነሣሁ፣
ኪሴ ከተትኩት።
መቶ።