ስኳር የተጠቀለለበት ሱልጣን

ከምናለሽ ተራ ወረቀት በኪሎ ገዝቼ፣
በማዳበሪያ ሞልቼ ኮዬ ፈጬ አምጥቼ፣
በቆርቆሮዋ ሱቄ ስቀድ፣ ስጠቀልል፣ ስቋጥር
(ብሎክ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ ከደረጃው ሥር)
አንድ መጽሐፍ ወጣ፣ ሽፋኑ የረገፈ፣
ስለ ማላይ ሱልጣን፣ ስለ በድሩል የተጻፈ።

ማን ያነበዋል ብዬ ከፊት ጀመርኩት፤
ልደቱን ለሩብ ኪሎ ጨው መጠቅለያ አደረግኩት፤
የቁርኣን መምህሩን፣ የመጀመሪያ ዝሆኑን
ለብሎክ አርባ ሁለት ሸኘሁ፣ ከምስሩ ጋር ሁሉን።

አንድ ምሽት አቶ ሂርጳ መጡ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣
የሁለት ውሻ ጌታ፣ የብርድ ጓደኛ፤
ስኳሩን በጣሳ ገልብጠው፣ ወረቀቱን ዘርግተው፣
"ይሄ ምን ይላል?" አሉኝ፣ ወደ አምፖሉ አስጠግተው።

አነበብኩላቸው፦
በዚያ አገር ሰውን የሚያነግሠው ዘውድ አይደለም፣ ከበሮ ነው፤
ካልተመታለት፣ ዙፋን ላይ ቢወጣም የተቀመጠ ሰው ነው።
ቢጫ የሱልጣኑ ነው፣ የሱልጣኑ ብቻ፤
ሌላው አይለብስም፣ አይዝም ጥላ ቢጫ።

ሂርጳ ዘወር ብለው አዩ፣ ከቦኖው እስከ አስፋልቱ፣
ቢጫ ጀሪካኖቻችንን፣ ተሰልፈው የሰነበቱ፣
ውኃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን፣ አፋቸውን እንደከፈቱ።
"ይሄ ሁሉ ሱልጣን!" አሉ። "ታዲያ ማን ይቅዳለት?"

ከዚያ ወዲያ በየማታው መጡ፤ ስኳር አልቆ አይደለም፤
"ሱልጣኑ እንዴት ዋለ?" ይላሉ፣ እንደ ጎረቤት ሕመም።
ሚስቴ ግን ነገሩን አላወቀች፤
ሠርጉን ለበርበሬ፣ ጦርነቱን ለሽሮ ሰጠች።
"አሸነፈ?" አሉኝ። "እንጃ፤
ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ጋ ነው።" ያንን ሁሉ ደረጃ
ወጡት። አንኳኩ። ወረዱ ባዶ እጃቸውን፤
ከሰል አቀጣጥላበት ኖሯል፣ የባሕር ውጊያውን።

የተረፈው ገጽ ይህ ነበር፦
ከባሕር ማዶ አማካሪ መጣ፣ ነጭ ባርኔጣ የደፋ፤
በጸሎትህ በልማድህ አልገባም አለ፣ እጅ ነሥቶ፣ ቃሉን አስፍቶ እየለፋ፤
የቀረውን ግን፣ የወንዙን ቀረጥ፣ ከአፈሩ ሥር ያለውን ቆርቆሮ፣
ለእኔ ተወው፤ ወር በገባ ቁጥር ድርሻህ ይመጣል ተቆጥሮ።
ሱልጣኑ ማኅተሙን መታ።
ከበሮው አልተወሰደም። ጥላውም አልተነካ።
ጠዋት ሰገነት ወጥቶ ሲያይ ግን፣ አገሩ በሰው ገመድ ሲለካ።

ሂርጳ አውራ ጣታቸውን አዩት።
ቀለሙ ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እሳቸው አዩት።
"እዚህ" አሉ፣ የሱቄን ወለል በዱላቸው ነክተው፣
"ሽንብራ ነበር። እዚያ፣ አይሱዙው የቆመበት፣ ጤፍ።"
ቀና ብለው አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ አንሶላ አዩ፣
የሆነ ሰው ሰማይ ላይ የዘራው ይመስል።
"የሱልጣኑ ጡረታ ስንት ነበር?"
"አልተጻፈም።"
"አይጻፍም" አሉ። "እሱ መች ይጻፋል።"

ሌላ ማታ ያነበብኩት አጭር ነው፤ ደግመው አስነበቡኝ፦
ሱልጣኑ አርጅቶ፣ ከወንዙ ዳር መንጠቆ ጥሎ ተቀምጧል፤
ቀረጥ ለሌላ የከፈሉ ቀዛፊዎች ጎንበስ ብለው ሲያልፉ
እጁን ያነሣል፤ ዓሣው ያመልጣል።
"ያንን ስጠኝ" አሉ። ያለ ስኳር ሰጠኋቸው።
ካፖርታቸው ውስጥ ነው፣ ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር።

የመጨረሻውን ገጽ ምስማር ላይ ሰቅለነዋል።
"አታንብበው" ብለውኛል፤ "ካነበብከው ይሞታል።"
እኔ ግን ሰርቄ አንብቤዋለሁ፦
ለተተኪው ከበሮ ሳይመታ ሟቹ አይቀበርም፤
ሲቀበርም ስሙ ይቀራል፣ በድሩል ብሎ የሚጠራው የለም፤
በሞተበት ቦታ ይጠሩታል እንጂ፤
"ጀልባ ላይ ያረፈው"፣ "በሰው ቤት ያረፈው"።

ሌሊት ጅብ ከወንዙ ሲወጣ፣ ውሾቹ ሲያለቅሱ፣
ሂርጳ ከሰልፉ ባዶ ጀሪካን ያነሡና
በዱላቸው ይመቱታል።
ዱም፣ ዱም፣ በብሎኮቹ መሐል ያስተጋባል፤
አልጋዬ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ማን ነገሠ? ያሰኛል።
"ተኛ" ትለኛለች ሚስቴ። "ጅብ ነው።"